ከምርቃና በኋላ ያለው ሰዓት

ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ላሉት ለሐይቅ፣ ለውጫሌና ለዙሪያቸው ነዋሪዎች ነው። መኪናቸውን በነዚህ ከተሞች አቁመው ለሚያድሩ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ከአምባሰል ገጠር ለገበያ ወርደው ለሚያመሹ አባወራዎች፣ ቅዳሜና እሑድ ሎጎ ሐይቅ ዳር ዓሣ ለመብላትና ለመዝናናት ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚመጡ ወጣቶች፣ ቡና ቤትና ግሮሰሪ ለከፈቱ ነጋዴዎች፣ በነዚያ ቤቶችም ሌሊቱን ሠርተው ለሚያነጉ እህቶቻችን ጭምር ነው። ጉዳዩ ኤች.አይ.ቪ. ነው። «ይህማ ስንት ዘመን የሰማነው ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሰምተነዋል። የሰማነውን ረስተን እንደ ድሮው መኖር ስለጀመርን ነው ብዕር ያነሣሁት።

ታሪኩን ከኛው ደጃፍ ልጀምር። ኤች.አይ.ቪ. በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰበ የደም ናሙና ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1986 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ በ23 የአገሪቱ ከተሞች በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች ተመረመሩ። በአማካይ ከመቶው በ17ቱ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። ከሁሉም ከተሞች ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው በደሴ ነበር፤ ከመቶ ሴቶች 38 ገደማ። በዚያው ዘመን የረጅም ርቀት ሾፌሮችም ተመርምረው ከመቶው 13 ያህሉ ቫይረሱ ነበረባቸው። የአሰብ መንገድና የሰሜኑ መንገድ የሚለያዩት ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ነው፤ የጭነት መኪናውም፣ በዚያን ጊዜ በሰሜን ይዋጋ የነበረው ወታደርም በዚሁ ያልፍ ነበር። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። ብዙው የአገራችን ክፍል ስለ በሽታው ወሬውን ብቻ በሚሰማበት ጊዜ ቫይረሱ እኛ ዘንድ ገብቶ ተደላድሎ ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል። የቅሬ (የዕድር) ጡሩንባ በሳምንት ስንቴ እንደሚነፋ መቁጠር የተተወበት ጊዜ ነበር። ጎልማሳ ሲያልቅ አያት የልጅ ልጇን ለማሳደግ ተመልሳ ጉልበቷን የጠየቀችበት ጊዜ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር በአልጋ ላይ የነበሩ ሰዎች ተነሡ፤ አርሰው በሉ፣ ወለዱ፣ ልጅ ዳሩ። መቅድምና ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ ማኅበራትን ያቋቋሙት ሰዎች ቀደም ብለው በአደባባይ ወጥተው «ቫይረሱ በደሜ አለ» ባይሉ ኖሮ ይህ ሁሉ በዚህ ፍጥነት አይሆንም ነበር፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። መድኃኒቱ ሞቱን ሲያርቀው ግን ፍርሃቱም አብሮ ራቀ። ዛሬ 20 ዓመት የሆነው ልጅ በኤድስ የከሳ ሰው አይቶ አያውቅም። የሚፈራው እርግዝናን ነው።

ስለ እርግዝና ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ወጣቶች ከፋርማሲ ፖስትፒል ገዝተው ከዋጡ በኋላ ችግሩ ሁሉ ያለፈ ይመስላቸዋል። ፖስትፒል እርግዝናን ብቻ ነው የሚከላከለው። በመርፌ የሚሰጠውም፣ በክንድ ውስጥ የሚቀበረውም የወሊድ መከላከያ እንዲሁ ነው። ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለጨብጥም ሆነ ለቂጥኝ አንዳቸውም አያገለግሉም። የሚገርመው፣ ይህን የማታውቅ የተማረች ልጅ ዛሬም አለች።

ቫይረሱ ደግሞ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በከተሞቻችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂ የከተማ ነዋሪ በሦስቱ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቷል፤ ከሴቶች ከመቶው 4.1፣ ከወንዶች 1.9። በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩ ሴቶች መካከል ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ገደማ በ16 ከተሞች በተደረገው ጥናት 18.7 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከአምስት ሴቶች አንዷ ማለት ይቀርበዋል። ይህን ቁጥር አንብቦ ጣቱን ወደ ሴቶቹ የሚቀስር ሰው አንድ ነገር ያስብ፤ እያንዳንዷ ማለት ይቻላል ቫይረሱን የተቀበለችው ከአንድ ወንድ ነው። ያ ወንድ ዛሬ የት ነው? ሾፌር ከሆነ ወልድያ ወይም ሎጊያ፣ ነጋዴ ከሆነ ደሴ፣ ገበሬ ከሆነ አምባሰል ውስጥ ከሚስቱ ጎን። ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች ሴቷን ቤቷ ድረስ ሄደው ደሟን ይወስዳሉ፤ ደንበኛውን ግን ጠርቶ «ና ተመርመር» የሚለው የለም። ስለዚህ የዚህ ማሳሰቢያ ትልቁ ክፍል ለእርሱ ነው።

አሁን ምሽቱ እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነውና።

ከምሳ በኋላ ጫት ይቀርባል። ጫት በኛ አገር ብዙ መልክ አለው። የዱዓ ጫት አለ፣ ሽማግሌዎች ጉዳይ የሚጨርሱበት አለ፣ ገበሬው በተሁለደሬና በአካባቢው አልምቶ ልጁን የሚያስተምርበት አለ። እነዚህን ለመክሰስ አልተነሣሁም። የምናገረው በከተማ ጫት ቤት፣ ሺሻ ባለበት ጨለማ ክፍል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተጀምሮ እስከ ማታ ስለሚዘልቀው ነው። በጫት ውስጥ ያለው ማነቃቂያ ልብን ያፈጥናል፣ ረሃብን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ሰውየው መረቀነ ይባላል። ሐሳቡ ይሮጣል፣ ዕቅዱ ይበዛል፣ ራሱን ጠንቃቃና ብልህ አድርጎ ያያል። ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቃናው መውረድ ይጀምራል፤ ድብርት ይመጣል፣ እንቅልፍ ግን እምቢ ይላል። ይህን ለመስበር ጨብሲ ይባላል፣ ቢራ ወይም አረቄ ይከተላል። ከረሃብ ላይ፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣ መጠጥ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ጫቱ ግን ድካሙን ስለሚደብቅበት ጠጪው የሰከረ አይመስለውም። ከሦስተኛው ጠርሙስ በኋላ ውሳኔ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውየው ግን እየወሰንኩ ነው ብሎ ያምናል። አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። ከጨብሲ ቤት ወደ መኝታ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

የሴቷን ምሽት ደግሞ ከእርሷ በኩል ይዩት። ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ መቆየት አለባት፤ ስለዚህ ትቅማለች። የማታውቀውን፣ አንዳንዴም የምትጠላውን ሰው መታገሥ አለባት፤ ስለዚህ ትጠጣለች። ከዚህ በላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በብዙ ቡና ቤቶች ሴቷ የምትወደደው ደንበኛውን ባስጠጣች መጠን ነው። ደንበኛው «ለእሷም ስጧት» ባለ ቁጥር ለባለቤቱ ገንዘብ ይገባል፤ ካልጠጣች ተፈላጊነቷ ይወርዳል፣ አልጋዋም ለሌላ ይሰጣል። አንዱ ደንበኛ አራት ጠርሙስ ጠጥቶ ሲሄድ እርሷ ከአራት ደንበኛ ጋር ጠጥታለች። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የሰከረችው እርሷ ልትሆን ትችላለች፤ ኮንዶም ይደረግ ብሎ የመከራከሩን ሸክም የምንጭነውም በእርሷ ላይ ነው።

ክርክሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። «ያለ ኮንዶም እጥፍ እከፍላለሁ» የሚል ደንበኛ በየምሽቱ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ሳትበላ የዋለች፣ የአልጋ ኪራይ ያልከፈለች፣ ገጠር ላለች እናቷ ብር እልካለሁ ያለች ሴት ያንን እጥፍ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም። እጥፍ የሚከፍለው ሰው ራሱን ይጠይቅ፤ ያለ ኮንዶም እጥፍ የሚከፍል ሰው ትናንት ሌላ ቦታም እጥፍ ከፍሏል። እርሷም ከርሱ በፊት እንደርሱ ያለውን አስተናግዳለች። ሁለቱም አይተዋወቁም፤ ደማቸው ግን ተገናኝቷል።

ኮንዶም ቢደረግም እንኳ ስካር ሥራውን ያበላሻል። ጫትና መጠጥ ሲደራረቡ ሰውነት ይደነዝዛል፣ ግንኙነቱ ይረዝማል፣ ኮንዶሙ ይደርቃል፣ ይቀደዳል። መሃል ላይ «አልመቸኝም» ተብሎ ይወልቃል። በጥርስ ይከፈታል። በቫዝሊን ወይም በቅባት ይታሻል፤ ቅባት ነገር ደግሞ የኮንዶሙን ጎማ ያሳሳዋል፣ ይበጣጥሰዋል። ሁለት ኮንዶም ደርቦ ማድረግም መከላከያ ይመስላቸዋል፤ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይቀደዳል። ሕይወት ትረስትም ይሁን ሴንሴሽን፣ ከጤና ጣቢያ በነጻ የተሰጠውም ይሁን፣ ቀኑ ያላለፈበት አንድ ኮንዶም በትክክል ከተደረገ ይበቃል። ቀኑን ማየትና በትክክል ማድረግ ግን ያልሰከረ ዓይንና እጅ ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ቋሚ ደንበኛ የሚባለው ነው። የቡና ቤት ሴቶች ለማያውቁት ሰው ጠንክረው ኮንዶም የሚያስደርጉትን ያህል ለለመዱት ይላላሉ። ሰውየው ሦስት ወር ተመላልሷል፣ ስጦታ አምጥቷል፣ «ባሌ» ተብሏል፤ ኮንዶም አድርግ ማለት አለማመን ይመስላል። እርሱም በበኩሉ «እሷ እኮ የኔ ናት» ይላል። ያችው ሴት በሌላው ሌሊት ሌላ ሰው እንደምታስተናግድ፣ እርሱም በሌላው ከተማ ሌላ «የኔ» እንዳለችው ሁለቱም ያውቃሉ። ፍቅር ይኑር፤ ምርመራውን አብረው ሄደው ያድርጉ። ከዚያ በፊት ኮንዶሙን መጣል ፍቅር አይባልም።

ሰውየው ጧት ይነሣል፤ ራሱን ያመዋል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤቱ አምባሰል ውስጥ ከሆነ ሚስቱ እህል እያበራየች ወይም ውኃ ቀድታ እየተመለሰች ታገኘዋለች። ስለ ኮንዶም ከሚስቱ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። ነፍሰ ጡር ሆና ለክትትል ስትሄድ ደሟ ሲመረመር ቫይረሱ ይገለጣል። ስንት ቤት በዚህ ተናግቷል! ቫይረሱ በመጀመሪያ የተገኘባት እርሷ ስለሆነች «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ተብላ ከነእርግዝናዋ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ሴት ታሪክ በየቀበሌው አለ። ይህ ግፍ ነው፤ ሽማግሌዎች ሊፈርዱበት የሚገባ ግፍ። ያውም ቀድማ ተመርምራ መድኃኒቱን ከጀመረች ልጇን ከቫይረሱ ነጻ አድርጋ መውለድ በምትችልበት ዘመን።

የኛ አካባቢ ደግሞ በሌላ ተጨማሪ መከራ ውስጥ አልፏል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎ ሲገባ በደሴና በኮምቦልቻ ጭምር ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ቀን በቀን መድኃኒት መውሰድ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሳይዝ ተሰዷል። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ጃሪን በመሳሰሉ መጠለያዎች ለዓመታት ኖረዋል። በየመጠለያው ዙሪያ ደላላ አይጠፋም። «አስተናጋጅ ትሆኛለሽ፣ ደመወዝሽ ይህን ያህል» ተብላ የሄደች የ16 ዓመት ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እየሠራች እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰችውም፣ በመንገድ ተይዛ የቀረችውም የምትወድቀው እዚሁ ነው። የወሎ ልጅ ውበት በዘፈን መወደሱን ደላላው ለንግዱ ያውለዋል፤ «የአምባሰል ልጅ አለችኝ» ብሎ ለደንበኛ የሚደውል አለ። ውበታችንን የሚያወድሰውን ዘፈን የምንወድ ሁሉ ይህን ማወቅ አለብን።

ስለዚህ ለቡና ቤት ባለቤቶችና ለደላሎች በግልጽ ይነገር። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸም በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ «ፈቅዳ ነው» ማለት አያድንም፤ «ዕድሜዋን አልጠየቅኩም» ማለትም ማምለጫ አይሁናችሁ። በሌላ ሰው ገላ ንግድ መጠቀም፣ ሴት ልጅን ለዚህ ሥራ መመልመልና ማዘዋወርም ወንጀል ነው። ዕድሜዋ የደረሰን ሴት በዚህ ሥራ በመተዳደሯ ብቻ የሚያስቀጣ ሕግ ግን የለም። ይህን ያነሣሁት በወሲብ ንግድ የምትተዳደር ሴት ተደፍራ ወይም ተደብድባ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ «አንቺማ ሥራሽ ነው» ተብላ መመለስ እንደሌለባት እንድታውቁ ነው፤ መደፈር ለማንም መደፈር ነው። በተረፈ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው፣ ሺሻም ክልክል ነው። ይህ ሕግ በአውራ ጎዳናው ዳር ባሉ ከተሞቻችን ቢከበር ኖሮ ከላይ የጻፍኩት ምሽት ግማሹ ባልተጀመረ ነበር።

የቡና ቤት ባለቤት ሆይ፣ አንተ ወይም አንቺ በዚህ ነገር ከሐኪም የበለጠ ሥልጣን አላችሁ። በየአልጋው ራስጌ ኮንዶም ይቀመጥ፤ ክፍሉም መብራት ያለበት ይሁን። ሴቷ ሳትጠጣ ብትውል የማትባረርበት ደንብ ይኑራችሁ፤ በጠርሙሷ ፋንታ ለስላሳ ወይም ውኃ ብታደርግ ሒሳቡን አታጉድሉባት። ሰክሮ የሚደባደብን ደንበኛ አልጋ አትስጡት። ይህ ሁሉ ከትርፋችሁ ጥቂት ይቀንሳል። ይቀንስ።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው በልቡ ሊይዘው የሚገባውን ልንገር። ውሳኔ የሚወሰነው ከመቃም በፊት ነው። ዛሬ ማታ ከጫት በኋላ አልጠጣም ወይም ከጠጣሁ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው ብሎ የተነሣ ሰው፣ ይህንንም ለጓደኛው ነግሮ ገንዘቡን ለጓደኛው ያስያዘ ሰው፣ ከሌላው በጣም የተሻለ ዕድል አለው። ይህን መወሰን ያቃተው ቢያንስ ኮንዶም በኪሱ ይዞ ይውጣ፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሱቅ ፍለጋ የሚወጣ ሰካራም የለም።

ነገሩ ካመለጠ፣ ማለትም ኮንዶም ከተቀደደ፣ ወይም ሳይደረግ ቀርቶ ከነቃችሁ፣ ወይም ተገዳችሁ ከሆነ፣ 72 ሰዓት አላችሁ። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ለባለሙያው ንገሩት። ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሠራል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከመጣችሁ ግን ጥቅሙ ያልፋል። ጧት የነቃ ሰው ከማፈር ይልቅ ሰዓቱን ይቁጠር። ተገድዳ የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ ገላዋን ሳትታጠብ ልብሷን ሳትቀይር ብትሄድ ለሕግም ማስረጃ ይሆናታል።

በወሲብ ንግድ የምትተዳደሩ እህቶቼ፣ ለእናንተ ተብሎ የመጣ ሌላም ነገር አለ። ቫይረሱ የሌለባት ሴት አስቀድማ በየቀኑ አንድ ኪኒን እየወሰደች ራሷን የምትከላከልበት ዘዴ በኢትዮጵያ መሰጠት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ፕሬፕ ይባላል። ደንበኛ ኮንዶም እምቢ ቢል፣ ስካር ቢያሸንፋችሁ፣ ይህ ኪኒን በየቀኑ ከተወሰደ ይጠብቃችኋል። ጨብጥና ቂጥኝን ግን አይከለክልም፤ ስለዚህ ኮንዶሙ አይቀርም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በስሙ ጠይቁ። «እዚህ የለም» ከተባላችሁ የት እንደሚገኝ ይንገሯችሁ ዘንድ መብታችሁ ነው። በየሦስት ወሩ ተመርመሩ፤ የዛሬ ግንኙነት በዛሬ ምርመራ አይታይምና አንድ ጊዜ «ነጻ ነሽ» መባል ለዘላለም አይሆንም።

ቫይረሱ በደማችሁ ያለ ወገኖቼ፣ ለእናንተም የምነግራችሁ አለኝ። መድኃኒቱን በየቀኑ የወሰደ ሰው፣ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲወርድ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ በሺህ በሚቆጠሩ ጥንዶች ላይ በዓለም ዙሪያ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። ይህን የሚያፈርሰው መቋረጥ ነው፤ ከመቋረጥ ምክንያቶችም አንዱ እንደገና ጫትና መጠጥ ነው። የቃመ ሰው ሰዓቱ ይጠፋበታል፤ የጠጣ ሰው ደግሞ «መጠጥና መድኃኒት አብሮ ይገድላል» ብሎ ኪኒኑን ይዘላል። እውነቱ ይህ ነው፦ መጠጡን መተው ይሻላል፤ ጠጥታችሁ ግን መድኃኒቱን አትዝለሉ። በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ፣ በዐቢይ ጾምም ከሰዓት በኋላ መውሰድ ይቻላል፤ ሰዓቱን ለመቀየር ባለሙያውን አማክሩ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አስተምራለች።

መጠጥ ለማቆም የቆረጠ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ምክር፤ ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ ቅዠት፣ አንዳንዴም የሚጥል ሕመም ዓይነት ሊመጣበት ይችላል። ይህ የአጋንንት ሥራ አይደለም፣ የሰውነት ምላሽ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። ጤና ተቋም ሄዶ በሐኪም ክትትል ያቁም።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለመጻፍ የቸኮልኩበት አንድ ምክንያት አለ። ለብዙ ዓመታት ወደ ቡና ቤቶቹ ሄደው ኮንዶም የሚያድሉት፣ ሴቶቹን ለምርመራ የሚያመጡት፣ መድኃኒት ያቋረጠን ቤቱ ድረስ ፈልገው የሚመልሱት ባለሙያዎች ደመወዛቸው አብዛኛው ከአሜሪካ መንግሥት በሚመጣ ርዳታ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ያ ርዳታ ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር የ5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ከነዚህም ብዙዎቹ የኤች.አይ.ቪ. ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ዛሬም በነጻ ይሰጣል፤ ወደ እናንተ የሚመጣው ሰው ግን ቀንሷል። ስለዚህ እናንተ መሄድ አለባችሁ።

የቅሬ ዳኞች፣ የመስጊድ ኢማሞች፣ የደብር አስተዳዳሪዎች፣ አስታራቂ አባጋሮች፤ ወሎ የደም ተካሳሽን እንኳ አስታርቆ በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጥ አገር ነው። በቅሬ ስብሰባ ላይ ስለ ጫትና ጨብሲ፣ ስለ ምርመራ፣ ስለ 72 ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይነገር። በቡና ቤት የምትሠራ ሴት ስትሞት ቅሬ ይቅበራት፤ በሕይወት እያለች ደግሞ ቡና ትጠራ። ቡና የተጠራች ሴት አምኜ ልናገር ትላለች፣ ትመረመራለች፣ የሚመክራት ታገኛለች፤ ከሥራው ለመውጣት የምትፈልገውም መንገዱን የምታገኘው በዚያ ነው። የተገለለች ሴት ግን ከደላላው በቀር የሚሰማት የላትም።

ከደንበኛው ልጨርስ። ወንድሜ፣ የምትከፍለው አንተ ነህ፤ ኮንዶም ይደረግ ወይም አይደረግ የሚለውን በብዙ ሌሊት የምትወስነውም አንተ ነህ። እጥፍ ክፍያህን አንሣ። በዚህ ሳምንት፣ ሳትቅምና ሳትጠጣ፣ በጧት ጤና ጣቢያ ሂድና ተመርመር፤ ምርመራው ነጻ ነው፣ ምስጢር ነው። ሚስት ካለህ ይዘሃት ሂድ።